የሐርላ ጫሪዎች

ሐርላ ላይ መሬት የጫረ ባዶ እጁን አይመለስም። ገበሬው ለማሽላ ሲያርስ የሸክላ ስባሪ ይወጣለታል፤ ለቤት መሠረት የቆፈረ ሰው እሱ ያልጠረበው ጥርብ ድንጋይ ያገኛል፤ ልጆች ዝናብ ካባራ በኋላ ዶቃ ይለቅማሉ። የእንግሊዙ ኤክሴተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከቡድናቸው ጋር ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲያደርጉ ዓለም ጉድ አለ። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስ፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና ድረስ የመጣ ዕቃ! ከድሬዳዋ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው መንደራችን ለካ በዘመኗ ባሕር ማዶ የምትነግድ ከተማ ኖራለች። እኛ ነዋሪዎቿ ግን እምብዛም አልደነቀንም። ዶሮዎቻችን ያንኑ ሥራ ስንት ዘመን ሲሠሩት ኖረዋል፤ ያውም ያለ በጀት፣ ያለ ውሎ አበል።

ዶሮ ስትጭር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። በአንድ እግሯ ሁለቴ ወደ ኋላ ትጠርጋለች፣ በሌላው አንዴ ትደግማለች፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትልና አንገቷን ዘመም አድርጋ በአንድ ዓይኗ ጉድጓዱን ትመረምራለች። የሚበላ ከሆነ ጠቅ! የሚያብረቀርቅ ከሆነም ጠቅ! ጥርስ ስላልታደለች ጥሬውን የምታስፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነው፤ ጠጠርና የስምንት መቶ ዓመት ዶቃ ደግሞ ለእሷ አንድ ናቸው። ቆፋሪው ምሁር ዶቃ ሲያገኝ ቁጥር ሰጥቶ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ዶሮም የምትከተው ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ የራሷ ሆነ እንጂ። አንድ ፋሲካ ባለቤቴ ዶሮ ስትገነጥል ከሆድ ዕቃዋ መሀል ምስር የምታክል ቀይ ዶቃ ወጣች። ልጄ "ለመንደራችን የቅርስ ማእከል እንስጥ!" ብሎ ዘለለ። እውነቱን ነው፣ ደንቡም ይኸው ነው። ግን "የተገኘበት ቦታ" በሚለው መስመር ላይ ምን ተብሎ ይሞላል? "ከመላላጫው በስተግራ"?

"ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ" የሚለው ተረት ሌላ አገር ማስፈራሪያ ነው። ሐርላ ላይ ሲተረት ግን ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ "ካራው የስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው?" የሚል ነው።

ድንጋዮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ጥንት እዚህ የኖሩት ግዙፎች ናቸው የሚል ወሬ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ፕሮፌሰሩ ከጥንቱ መቃብር የወጣውን አጥንት አይተው ቁመታቸው እንደኛው መካከለኛ ነው ቢሉም መንደርተኛው ሙሉ በሙሉ አላመነም። አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ግዙፎች ከነበሩ የዶሮዎቻቸው እንቁላልስ ስንት ኪሎ ይመዝን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወደ ታሪክ አስተማሪው እመራለሁ።

ወደ ዶሮው ነገር ልምጣ። ዶሮ እርባታ የሚጀመረው ግቢ ውስጥ አይደለም፣ ሰሌዳ ላይ ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተበሰረ ወዲህ ወተት፣ ማርና እንቁላል የማይወራበት ስብሰባ የለም። እኔም የተሳተፍኩበት አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ጠመኔ አንስቶ 25 ቄብ ዶሮ ጻፈ፣ በ250 እንቁላል አባዛ፣ 6250 አለ፣ ያንን በብር አባዛና ከሰሌዳው ወረደ። ሰሌዳውን የምናይ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሀብታም ነበርን። ማሳረጊያው ደግሞ የታወቀው ነው፦ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!" እኛ ግቢ እንቁላሉ የሄደው በልጆቼ እግር ነው፤ ወደ ሱቅ፣ በማስቲካ ሊለወጥ።

ሰሌዳ ላይ ዶሮ አትሞትም። ሰሌዳ ላይ ጭልፊት አይወርድም፣ ሽለምጥማጥ በቆርቆሮው ሥር አይሾልክም፣ ፉርሽካ አይወደድም። የዶሮ ወጪ ሁለት ሦስተኛው ገደማ መኖ መሆኑን ሰሌዳው በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ጽፎት ነበር። የመኖው ዋጋ ሲወጣ እንቁላሉ ይከተለዋል፣ የመኖው ሲወርድ ግን እንቁላሉ ወሬውን አይሰማም። ባለ ሱቁም "ይኸው እንደምታየው ነው አቦ!" ከማለት ያለፈ ማብራሪያ የለውም።

ከዚያ ደግሞ የዘር ጉዳይ አለ። በዓመት ከ250 በላይ ትጥላለች የተባለችው ፈረንጇ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና ከእኛ ሽቅብ ባለችው አለማያ፣ የዛሬዋ ሐረማያ፣ በተከፈቱት የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የመሳሰሉት ወደ አገራችን የገቡት፤ ዛሬ ደግሞ ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ ሜዳውን ይዘውታል። የሀበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትንንሽ እንቁላል ጥላ በቃኝ ትላለች። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ደርዘን ያህል ከጣለች በኋላ የራሷ እቅድ አላት፤ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ጫጩቶቿን ስታስጭር ትከርማለች፣ እኛ የምንፈልገው እንቁላል የትኛውም አጀንዳዋ ላይ የለም። ዕድሜዋን አስቡት። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ስፍራ ተቆፍሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ አክሱም ገና ሐውልት ሳታቆም ዶሮ እዚያ ትጭር ነበር። ይህን ያህል መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ ያየች ፍጡር በአንድ ጠመኔ አትደነግጥም።

እኔ ሁለቱንም ቀላቅዬ ያዝኩ፤ ፈረንጆቹን ለእንቁላሉ፣ ሀበሾቹን ለመታቀፉ። ፈረንጇ የጣለችውን ሀበሻዋ ትታቀፍላታለች። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም።

ሙቀቱ ሌላ ወግ ነው። እህቴ ድሬ ከተማ ሳቢያን ትኖራለች፣ እሷም የቡናማ እንቁላል ጣይ ጫጩቶች ገዛች። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። የደጋ ሰው ለዚህ አምፖል ይሰቅላል፣ ከሰል ያነዳል፣ ሳጥን በጭድ ይሸፍናል። ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ይህንን በነጻ ታድላለች፤ እህቴ ጫጩቶቿን ካርቶን ውስጥ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች፣ ሁሉም አደጉ። ችግሩ ካደጉ በኋላ መጣ። ዶሮ አታልብም፣ የላብ ዕጢ አልተሰጣትም። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ክንፏን ከጎኗ ፈቅቅ አድርጋ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ስታለከልክ ደሟ ውስጥ ያለው ነገር ይዛባና የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ ይሄዳል። እህቴ አንድ ከሰዓት ደውላ "በእጄ ስይዘው ፈረሰ!" አለችኝ። መኖውን ጎሕ ሲቀድና ማታ ላይ ብቻ እንድትሰጣቸው፣ ቀን ቀን ቀዝቃዛ ውኃ እንድታቀርብ ነገርኳት። አሁን ዶሮዎቿ በረዶ ያለበት ውኃ ሲጠጡ ባሏ የቧንቧውን ይጠጣል። እሱም አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍቶ "ለማን ነው?" ሲል "የእነሱ ነው" ተባለ።

ሐርላ ከፍ ያለች ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ውል ገባን፤ ጫጩቶቹ ድሬ ይሙቁ፣ ላባ ሲያወጡ ወደ እኔ ይምጡ። በሚኒባስ ካርቶን ይዤ ስሳፈር ረዳቱ በቀዳዳው አጮልቆ አየና "እነዚህም ሰው ናቸው" ብሎ ሒሳብ ጠየቀ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። "ወላሂ ጫጩት አይከፍልም!" የሚሉ ከኋላ፣ "ቦታ ይዟል እኮ!" የሚሉ ከፊት። የአንድ ሰው ግማሽ ከፍዬ ክርክሩ ተዘጋ፤ ጫጩቶቹ መንገዱን ሙሉ ስለጮኹ ረዳቱም ያገኘው ሁሉ ትርፍ አይደለም።

በወረቀት ላይ ዶሮ የግል ንግድ ናት። ዶሮ ቤቱ የኔ፣ መኖው የኔ፣ ትርፉም የኔ። ይህ ሐሳብ ሐርላ ላይ የቆየው ፈንግል እስኪወራ ድረስ ብቻ ነው። ፈንግል ሲገባ ደጃፍ አይመርጥም፤ የጎረቤቴ ዶሮ አንገቷን ስትጠመዝዝ ካየሁ የኔዋም ተራዋን ይዛለች። ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በዓይን ጠብ የሚደረግ ነው፣ ውድም አይደለም። ግን አንዷ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆነ ዶሮ የምትበቃ ናት፣ ከተበጠበጠች ደግሞ ውላ አታድርም። እኔ መቶ ዶሮ ከየት አመጣለሁ? የቀረውን ጠብታ መሬት ላይ ከማፍሰስ "ዶሮ ያለው ሁሉ ማታ እኔ ግቢ!" ብሎ ማስነገር ይሻላል። አስነገርኩ።

ማታ የሆነው ምክንያት አለው። ቀን ዶሮ ለመያዝ መሮጥ አለ፣ ጨለማ ሲሆን ግን ቆጥ ላይ የሰፈረችው ዶሮ ራሷን በእጅ ላይ ታስረክባለች። ሀጂ የእጅ ስልካቸውን መብራት ያዙልኝ። ሀጂ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጫት አላቸው፣ ማሽላ አላቸው፣ አንድ ዝነኛ አውራ ዶሮም አላቸው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሚስታቸውን መንደሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው። አዴ ዶሮዋን በብብታቸው ሸጉጠው አንገቷን ቀና ያደርጋሉ፣ እኔ የዐይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ አንዲት ጠብታ እለቃለሁ፣ ዶሮዋ ዐይኗን ጨፍና እስክትገልጥ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ቀጣይ! አንዷ ስታስነጥስ ሰው ሁሉ ሳቀ። መዘዙ የመጣው በቆጠራው ነው። ዶሮ ያለው ሁሉ ያለውን ይዞ ስለመጣ የመንደሩ ሀብት በአንድ ሌሊት አደባባይ ወጣ። ለብድር ስትጠየቅ "ሦስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም አይጥሉም" ስትል የኖረች ጎረቤታችን አሥራ አንድ ይዛ መጣች። ማንም ምንም አላላትም። ጠዋት ግን እንቁላል ሊበደር የሄደው ሰው ብዛት!

እንቁላል ሐርላ ላይ የተለየ ማዕረግ አለው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ሙስሊም ናቸው፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ እያንዳንዳችን ወደየቤታችን እንገባለን፤ የእኔ ፋሲካ ዶሮ ለእነሱ አይሆንም፣ የእነሱ አረፋም ለእኔ። ይህ ክርክር የለውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እንቁላል ግን ቢስሚላህም አይሻም፣ በስመ አብም አይሻም፤ ቢላ ያልነካው ብቸኛው የዶሮ ነገር ስለሆነ በአጥሩ ላይ ያለ ከልካይ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጄን ጋስትራና ኢንሶል ከሐርላና ከሐረር የወጡ የእንስሳት አጥንቶችን መርምረው እስልምና በዚህ አገር እንዴት እንደተስፋፋ የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። አጥንት ማን ምን እንደበላ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ይመሰክራል። እንቁላል ግን አጥንት የለውም፤ ቅርፊቱንም ዶሮዋ ራሷ ካገኘችው ትበላዋለች። ስለዚህ በጥንቷ ሐርላ በአጥር ላይ ምን ያህል እንቁላል እንደተላለፈ ማንም ቆፍሮ አያገኘውም።

በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ገቡ። ዶሮ አትጾምም። እኔ ቤት ለ55 ቀን የሚበላው የሌለ እንቁላል ቅርጫት ሙሉ ተከመረ፣ ሀጂ ቤት ደግሞ ለማፍጠሪያም ለስሁርም እንቁላል ተፈለገ። ልጆቼ ወደ ማታ ይዘው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ አዴ ሳምቡሳ ያስይዟቸዋል፤ የምስር ሳምቡሳ፣ በዘይት ብቻ የተጠበሰ፣ ለእኛ ጾም ተብሎ ሥጋው የቀረበት። ሰሌዳው ላይ ይህን ያህል ሳምቡሳ በስንት ብር እንደሚመነዘር አልተጻፈም፤ የሒሳብ ደብተሬ ላይ "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር አስገብቼዋለሁ። ልዩ ልዩ አሁን ከሁሉም ዓምድ ረዝሟል።

አሁን ወደ ሀጂ አውራ ዶሮ። አንገተ መላጣ ነው፤ ከደረቱ እስከ ጭንቅላቱ ላባ የለውም፣ ቆዳው ቀልቷል፣ ቁመናው የጡረተኛ መኮንን ነው። የእኔው ገብስማ ነው፣ ላባው ሙሉ፣ መልኩም ያማረ፣ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ይጮኻል። ጃፓኖች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው ንጋት ላይ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ አውራ ነው፣ የበታቾቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊት እየነቃሁ አዳምጣለሁ። መላጣው ይጮኻል። ትንሽ ዝም ይላል። ገብስማዬ ይከተላል። ሀጂ ዶሮ የሚጮኸው መልአክ ሲያይ ነው ይላሉ፤ እኔ ጴጥሮስን አስባለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

ሰሞኑን አንዷ ሀበሻ ዶሮዬ ጠፋች። ሽለምጥማጥ በላት ብለን ተስፋ ቆርጠን ሳለ አንድ ጠዋት ከሀጂ ጫት ማሳ፣ ከጥንቱ የድንጋይ ክምር ሥር፣ ጫጩቶቿን አስከትላ ወጣች። ደስታው ብዙ አልቆየም። ከጫጩቶቹ ከፊሎቹ አንገታቸው መላጣ ነው።

ሀጂ በአጥሩ ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። "ቲቸር" አሉ በመጨረሻ፣ "እነዚህ ልጆች አባት አላቸው።"

"ሀጂ፣ ዶሮ አባት አይቆጠርለትም እኮ።"

"ለምን አይቆጠርለትም? አንተ አይደለህ እንዴ የምታስተምረው!" ብለው የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። አሥረኛ ክፍል ናት፣ የእኔው ተማሪ። ልጅቷ ያለ ርኅራኄ ከሰል አንስታ በአጥሩ ድንጋይ ላይ ባለ አራት ክፍል ሳጥን ሠራች፣ ከላይ የአባቱን፣ ከጎን የእናቱን ጻፈች። የአንገት መላጣነት አውራ ባሕርይ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ መውረስ ብቻ ይበቃል፤ እናትየው ላባ በላባ ናት፤ በመንደሩ ይህ ባሕርይ ያለው ብቸኛ አውራ ደግሞ የታወቀ ነው። ለፈተና ብታመጣው ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር።

በዚህ መሀል እህቴ ደወለች። ላባ ያነሰው አንገት ሙቀት ስለሚያስወጣ መላጣ ዶሮ ቆላ ላይ እንደሚበረታ እኔው ነግሬያት ኖሯል። "መላጣዎቹ ለሳቢያን ናቸው!" አለች፣ ማን ጠይቋት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እናም ጉዳዩ ሦስት ባለ መብት አገኘ። አዴም አራተኛ ሆኑ፤ ታቅፋ የከረመችው በእሳቸው ማሳ ነው፣ ስትራብ የጣሉላትም ማሽላ የእሳቸው ነው። ሀጂ ሲሶውን ጠየቁ፤ መላጣዎቹን ብቻ፣ የአባት ድርሻ።

እኔም ዝም አላልኩም። መላጣው አውራ ስንት ወር ሙሉ አጥር እየዘለለ ግቢዬ ገብቶ የዋለውን፣ ከዶሮዎቼ ጋር የበላውን ፉርሽካና በቆሎ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ የሒሳብ ደብተሬንም አመጣሁ። "ሀጂ፣ የአባት ድርሻ ከተባለ አባትየው የበላው መኖ ይመለስልኝ!"

ሀጂ ደብተሩን አላዩትም። መላጣው በዚያው ቅጽበት አጥሩን ተሻግሮ ከመኖ ገበታዬ መልቀም ጀምሮ ነበርና በአገጫቸው ወደ እሱ ጠቆም አደረጉና፣ "አቦ ቲቸር! አማች ሲመጣ ደግሞ ሒሳብ ይያዛል እንዴ?" አሉኝ።